የጀርባ ልክ

— ሄሎ! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኧረ አንቺ ነሽ እንዴ! መነጽሬ የእናትሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ገብቶ ጠፍቶብኝ ቁጥሩን ሳላይ እኮ ነው ያነሣሁት። ደረስሽ? ሱቁ ውስጥ ነሽ? … እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!

— ቆይ፣ ቆይ፣ አንዴ ልቀመጥ። … ኧረ ምንም አልሆንኩም! ደስታ ነው የሚያንቆራጥጠኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን እንደ እንቁላል ታቅፌ ነው የምዞረው። ስትቆዪብኝማ ያ የባንክ ቤት አለቃሽ አልለቅም ብሎሽ ነው ብዬ ልደውልለት ሁሉ ነበር።

— (ወደ ሚስቱ ዞሮ) ልጅሽ ናት! ቦርሳ ቤት ገብታለች! … አንቺ ሴትዮ፣ መኪናውን ለአፍታ አቁሚው፣ ምንም አልሰማ አልኩ!

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … እናትሽ ናት፣ የስፌት መኪናዋ ነው እንዲህ የሚንጣጣው። ምን እየሰፋች እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሥጋ ከረጢት! … አዎ፣ ለአጋዘኑ! አቡጀዲ ገዝታ። ሥጋ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይበላሻል፣ ጨርቅ ነው የሚያስተነፍሰው ብዬ ስነግራት «እኔን ስለ ጨርቅ ታስተምረኛለህ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። አጋዘኑ ገና ተራራው ላይ ሣሩን እየጋጠ፣ እኛ እዚህ ከረጢት እንሰፋለታለን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትላለች። ግን እያጉረመረመችም ትሰፋለች።

— እሱን ተዪው። ስንት ዓይነት አለ? … ግድግዳው ሙሉ? ወይ ጉድ! በኛ ጊዜ እኮ ቦርሳ ማለት ጆንያና ገመድ ነበር። ገመዱ ትከሻችንን በልቶት ስንወርድ፣ ሥጋ ተሸካሚው የትኛው፣ ሥጋው የትኛው እንደሆነ አይለይም ነበር! … ሳቂ፣ ሳቂ።

— አትርሺ ታዲያ፣ ስምምነታችን ስምምነት ነው። ተኩሱ ላንቺ፣ ሸክሙ ለእኔ። እኔ ለአደን ፈቃድ ዕጣ ስሞላ ሸበትኩ፤ አንቺ በመጀመሪያሽ ወጣልሽ። አጋዘኑ ያንቺ ነው። ማውረዱ ግን የኔ! ስለዚህ ትልቁ ቦርሳ ለእኔ፣ ላንቺ ደግሞ ውሃና ሹራብ የምትይዝ ቀለል ያለች ትንሽ። … እሺ በያ። … «እናያለን» ምን ማለት ነው? እናያለን የሚባል ነገር የለም፣ እሺ ነው።

— (ለሚስቱ) ምን አልሽ? … የወገቤ ዶክተር ሂድ ነው ያለኝ! በገዛ ጆሮሽ ሰምተሻል! … እሱንማ ለማንም ይሉታል።

— ምንም አይደለም፣ እናትሽ ናት። «ዶክተሩ መሄድ ነው ያለህ እንጂ መሸከም አላለህም» ትለኛለች። ከተሸከምክ አትሄድም ብላ እንደ ዳኛ ፈርዳብኛለች። … አንቺም? አንቺም ከሷ ጋር ወገንሽ? … ስሚኝ ልጄ። ካልተሸከምኩ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ባዶ ጀርባውን ተራራ ላይ የሚንጎራደድ ሰው አዳኝ ነው? እሱ እንግዳ ነው። ሰው እየተሸከመ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ከምወርድ፣ እዚሁ እናትሽ ዘንድ ጨርቅ ሳጣጥፍ ብውል ይሻለኛል። ቁርጡ ይሄ ነው። ወይ ተሸክሜ እሄዳለሁ፣ ወይ እቀራለሁ። … አልተቆጣሁም። … አልተቆጣሁም አልኩሽ! በይ ወደ ቦርሳው።

— መጀመሪያ ፍሬሙን። … ቆይ፣ ሻጩ የሚልሽን ተዪው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የአሉሚኒየም መስኮት የገጠምኩ ሰው ነኝ፣ ፍሬም ለእኔ አይነገርም። ስልኩን ጠጋ አድርጊና በጥፍርሽ ቆርቁሪው። … በደንብ! … እህ። ይሄ የወባ ትንኝ መከላከያ ፍሬም ነው። ሰው ሲደገፈው ይጠመዘዛል። መልሺው። … ሌላ። … ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ግን ባዶውን ይከብዳል፣ አይደል? … አውቄዋለሁ! ባዶውን የሚከብድ ቦርሳ ሲሞላ ሰው ይገድላል። መልሺው። … ቀጥዪ። … ቆይ! ቆይ! ያንን ድገሚልኝ። … አንዴ ደግሞ። … አቤት! አቤት ድምፅ! ይሄ ነው! ይሄ ነው ልጄ! እጅሽን እንዳትለቂው፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድብን!

— (ለሚስቱ) ሰማሽው? ደወል እኮ ነው! … አይ አንቺ፣ ጆሮ የለሽም።

— ቀለሙ ምንድን ነው? … ቀይ? ኧረ ቀይማ… ቆይ። ቆይ እስቲ። አጋዘን ቀዩንና አረንጓዴውን አይለይም፣ ሌላ አዳኝ ግን ይለያል። እኔ ቀንዱን ከላይ ጭኜ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስወርድ ከሩቅ ለሚያየኝ አጋዘን ነው የምመስለው። አንዱ ችኩል ቢተኩስብኝስ? ቀይ ይሁን! ቀይ ጥሩ ነው! እንዲያውም ከዚያ የበለጠ ቀይ የለም?

— እሺ፣ ዚፑን። ክፈቺው፣ ልስማው። … ኡፍ! … አይ፣ ይሄማ አጋዘኑን ከነዘመድ አዝማዱ ይቀሰቅሰዋል። በዘለበት የሚዘጋ ነገር የለውም? … ከላይ አለው? ድንቅ! እንግዲያው ዚፑን ተኩሰሽ እስክትጨርሺ አንነካውም። … ኪሱን ተዪው፣ የኪስ ብዛት አያታልልሽ። ኪስ ለሱቅ ነው።

— ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ስሚኝ። ከረጢቱ ከፍሬሙ ይላቀቃል? … መሃሉ ላይ ክፍተት ይፈጥራል? … እልል በይልኝ! እዚያ ውስጥ ነው ታፋው የሚገባው። ፍሬሙ ላይ ተጣብቆ፣ ከትከሻ ብዙም ሳይርቅ። ታች ከተንጠለጠለ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ከላይ ከበዛ ቁልቁለት ላይ በአፍጢም ይደፋል። ሹራብና ምግብ ከውጭ በኩል፣ ሥጋው ከውስጥ። ደም ቢነካውም ሸራው ይታጠባል። … ይታጠባል ወይ ብለሽ ጠይቂው። … እሰይ።

— የወገብ ቀበቶውስ ሰፊ ነው? … ሸክም የሚሸከመው ዳሌ ነው ልጄ። ትከሻ አጃቢ ነው። ይሄን ለወንድሞችሽ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው! ማን ሰምቶኝ። አንደኛው ደም ሲያይ ራሱን ይስታል፣ ሌላው ሥጋ መብላት ራሱ ትቷል። ሁለት ወንድ ወልጄ አደን የምትወጣልኝ አንቺ! … ኧረ እውነቴን ነው፣ ዕጣሽ የወጣ ቀን እኮ ከመንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው አቅፌ ስሜያለሁ።

— ምን አለ ሻጩ? … የጀርባ ልክ? ያንቺን ቁመት ያይ በቃ፣ እኔና አንቺ አንድ ቁመት ነን። … በቁመት አይደለም? … ከአንገት ሥር ካለችው ጉብ ያለች አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ? አሃ። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። እውነት ነው፣ አንድ ቁመት ሆነው አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ጀርባ ረጅም ይሆናል። ሃምሳ ሦስት ሴንቲ በይው። … እንዴት አላውቀውም? ለጓደኛዬ ሠርግ ኮት ላሰፋ ሄጄ እናትሽ የለካችኝ ልክ ነው። እንደዚያ አይደል የተዋወቅነው? እንዴት እረሳዋለሁ?

— (ለሚስቱ) ምንድን ነው? ምን አደረግሁ? … ለምን ትለኪኛለሽ፣ ልኬን እያወቅሽው! … እሺ፣ እሺ፣ ይኸው ቆምኩልሽ። … ኧረ እጅሽ ይቀዘቅዛል!

— ሄሎ፣ አንዴ ጠብቂኝ። እናትሽ ሜትሯን ከአንገቷ አውጥታ ጀርባዬ ላይ ወጥታለች። … ቀጥ ብያለሁ! ከዚህ በላይ ቀጥ ካልኩ ጣሪያውን እነካለሁ። … ስንት? … አርባ ዘጠኝ? … ተሳስተሻል። እንደገና ለኪ። … ከየት ጀምረሽ ነው? ከአጥንቷ ጀምሪ። … ሜትሩ ተስቦ ይሆናላ! አሮጌ ነው ሜትሩ። … አዲስ ነው? … አርባ ዘጠኝ።

— … አለሁ። አለሁ፣ አልተቋረጠም። … አርባ ዘጠኝ ነው የምትለው። … አዎ፣ አራት ሴንቲ። … ያ የወገብ ቀዶ ጥገና ነዋ። ከፍተው ብሎን ሲያስሩብኝ ትንሽ አሳጥረውኝ ይሆናል። ዕድሜም አለ።

— (ለሚስቱ) ምን አልሽ? … የቱን ኮት? … ቡኒውንም? … ሁሉንም? … አንቺ! እና ለምን አልነገርሽኝም?

— ሰማሽ ልጄ? ኮቶቼን በሙሉ አሳጥራቸዋለች። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ፣ አንድ በአንድ፣ ትንፍሽ ሳትል። እኔ ሞኙ ደግሞ መስታወት ፊት ቆሜ «ኮቱ እንደ ድሮው ልኬ ነው፣ እኔም እንደ ድሮው ነኝ» እላለሁ። … አልከፋኝም። … እሺ፣ ከፍቶኛል። አራት ሴንቲ እኮ ቀላል አይደለም! አራት ሴንቲ የጎደለው መስኮት ግድግዳው ላይ አይገጥምም። ጭነሽው ትመለሻለሽ።

— … ብቻ ቦርሳው ማስተካከያ አለው አይደል? አርባ ዘጠኝ ላይ ይሰረውና… … አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው? … ሄሎ? … ስትተነፍሺ እኮ እየሰማሁሽ ነው። ታመምሽብኝ እንዴ? … ደረጃ? የምን ደረጃ? … የሱቁ ደረጃ? ታዲያ ደረጃ እንዲህ ያስተነፍሳል፣ በዚህ ዕድሜሽ? … ምን ተሸክመሽ? … ምን? … እስቲ ድገሚልኝ።

— የአሸዋ ከረጢት። … ለመሞከሪያ የሚያስቀምጡት። … ሠላሳ ኪሎ። … ቀዩ ቦርሳ ውስጥ። … እና እኔና እናትሽ በሜትር ስንጨቃጨቅ አንቺ ሠላሳ ኪሎ አዝለሽ ፎቅ ትወጪ ትወርጂ ነበር?

— አውርጂው! አሁኑኑ አውርጂው፣ ወገብሽን ትጎጂዋለሽ! … ቦርሳው የኔ ነው! ተባብለናል እኮ! … «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» … ለእኔ ነው ተረት የምትተርችው? እሱ የሎሚ ነው! እኛ የምናወራው ስለ አጋዘን ታፋ ነው! … አትሳቂ። ስትስቂ ትወድቂያለሽ።

— ቆይ። ይሄ የዛሬ ሥራ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብር ስትቆጥር የምትውል ልጅ ድንገት ተነሥታ ሠላሳ ኪሎ አትሸከምም። እውነቱን ንገሪኝ። … የመሥሪያ ቤትሽን ደረጃ? … በምሳ ሰዓት? … ምን አዝለሽ? … ሴራሚክ? የወለል ሴራሚክ? … ወይ ጉዴ! አለቃሽ ምን አለ? … «እብድ ናት» አለ። እውነቱን ነው። … ከመቼ ጀምሮ ነው? ዕጣው ከወጣልሽ ወዲህ? … ከዚያ በፊት? … ከመቼ?

— ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ።

— … አለሁ። አለሁ ልጄ። … አይ፣ ስልኩ ነው የሚንሿሿው። … እሺ አዎ፣ እያለቀስኩ ነው፣ እና ምን ይጠበስ! … ምን ብለሽ አስበሽ ነው ግን? … «አንድ ቀን ፈቃድ ከወጣልን ሸክም የሚባል ነገር አባዬን ቤት እንዳያስቀረው»። … እንደዚያ ብለሽ? … እና ለእኔ ትንፍሽ አላልሽም። እናትና ልጅ አንድ ናችሁ፤ እሷ ኮት ታሳጥራለች፣ አንቺ ደረጃ ትወጫለሽ፣ እኔ ብቻዬን ጎበዝ ነኝ እያልኩ እኖራለሁ።

— እሺ። ስሚኝ። ለቅሶው ይቆየን። ደረጃ መውጣት አንድ ነገር ነው፣ ተራራ ላይ ግን ደረጃም የለም፣ የደረጃ መደገፊያም የለም። እውነተኛው ፈተና ሌላ ነው። ካለፍሽው አፌን እዘጋለሁ። ቦርሳውን ሳታወልቂ መሬት ላይ ቁጭ በይ። … መሬት ላይ! ሸክም የያዘ ሰው ያርፋል፣ ካረፈ በኋላ መነሣት አለበት፣ ስንቱ ጎልማሳ እዚያ ላይ ነው የሚቀረው። … ሰው ያያል? ይይ! … ተቀመጥሽ? አሁን ብቻሽን ተነሺ። ሻጩ እጁን እንዳያነሣ ንገሪው።

— … ምነው? … እንደ ኤሊ ተገለበጥሽ፣ አይደል? አይዞሽ፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው። በጉልበት አይሆንም፣ በብልሃት ነው። ወደ ጎን ተንከባለዪ። … አዎ። አሁን በእጅና በጉልበትሽ፣ እንደምትድህ ሕፃን። … ቀበቶው ዳሌሽ ላይ ጠብቋል? … አንዱን እግር ወደ ፊት አምጪ። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ። … ትንፋሽሽን ሳቢ። … አሁን ተነሺ! … ተነሺ! ተነሺ ልጄ! ተነሺ!

— … ሄሎ? … ሄሎ! ምንድን ነው የምሰማው? … ጭብጨባ? ማነው የሚያጨበጭበው? … ሱቁ በሙሉ? … ተነሣሽ? ብቻሽን?

— (ለሚስቱ) ተነሣች! ሠላሳ ኪሎ ይዛ ከመሬት ብቻዋን ተነሣች! … አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? … እንደኔው? እሺ፣ እንደኔው።

— ሻጩን አገናኚኝ። ድምፁን ከፍ አድርጊው። … ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አባቷ ነኝ። … አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ፍሬም የሚያስቆረቁረው! … አደራ፣ ቅድም የላክሁልዎትን ልክ ይሰርዙልኝ። የእሷን ጀርባ ይለኩ። … ስንት? አርባ ስድስት? እንኳን ከድሮው፣ ከአሁኑም ጀርባዬ አጠረች! … አዎ፣ እዚያው ላይ ያስተካክሉልኝ። መጀመሪያ ማንገቻውን ላላ፣ ወገቡን ጠበቅ፣ ከዚያ ማንገቻውን። … አይ፣ ትልቅ ሁለት አንፈልግም። አንድ። ለተሸካሚዋ። … እግዜር ይስጥልኝ።

— ልጄ፣ አለሽ? … ለእኔማ ትንሿን አምጪልኝ፣ ያቺን ላንቺ ያልኳትን። ቢላውንና ውሃውን እይዛለሁ። … ኧረ እሄዳለሁ! ማን ይቀራል አለሽ? ብልት ማውጣት ማን ሊያሳይሽ ነው፣ ሻጩ? … አውቃለሁ ምን እንዳልኩ። እንግዳ ነው ብያለሁ። እንግዳ ሆኜ እሄዳለሁ በቃ፣ ያንቺ እንግዳ። … አዎ፣ ለእናትሽ እነግራታለሁ፤ ይኸው ከጎኔ ሆና እየሰማች አፏን በጨርቅ ይዛለች።

— ከፊት? … ስንወጣ እሺ፣ ከፊት ሆኜ መንገዱን አሳይሻለሁ። ስንወርድ ግን አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። … ደክሞኝ አይደለም! ሸክም የያዘ ሰው ኋላውን አያይም። ማሰሪያው ሲላላ፣ ጭነቱ ሲያጋድል የሚያየው ከኋላ ያለው ነው። … እሱ ብቻ አይደለም፣ ልክ ነሽ። አወቅሽብኝ። … ልንገርሽ? ልጄ አጋዘን ተሸክማ ተራራ ስትወርድ ከፊት ብሆን ምን አያለሁ? … ዛፍ! ዛፍ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ። ከኋላ ሆኜ አንቺን ልይ።

— … በይ በቃ፣ ልዝጋው፣ ሁላችንም እያለቀስን የስልክ ካርድ አንጨርስ። ቶሎ ነይ። … ታክሲ ውስጥ አይገባም? እንግዲያው በእግርሽ ነይ! ቦርሳውን ሳታወልቂ ነይ፣ እኔና እናትሽ በር ላይ ቆመን እናይሻለን። … እሺ። … እሺ የኔ እናት። ቻው።